ምዕራፍ 7፦ አብሮ የሚያነጋ ሄድፎን

ከወሎ ሰፈር ወደ ጎተራ የሚወስደው የኢትዮ ቻይና ወዳጅነት መንገድ ዓርብ ማታ ሌላ መልክ አለው። ከግራና ቀኙ ፎቆች የሚወጣው ሙዚቃ አስፋልቱ ላይ ይገናኛል። ከአንዱ በር ጉራጊኛ፣ ከሌላው አፍሮቢት፣ ከቀጣዩ ደግሞ የጥላሁን ገሠሠ ዘመን ዘፈን ይሰማል። እግረኛው የሚሰማው ይህን ድብልቅልቅ ነው። ከየበሩ ጀርባ የቆመው ዲጄ ግን በዚያው ቅጽበት የሚያዳምጠው ሌላ ነገር ነው፤ ገና ያልተለቀቀውን፣ ጨፋሪው የማያውቀውን ቀጣይ ዘፈን። ያንን ዘፈን ከሌላው ጩኸት ለይቶ የሚያሰማው ሄድፎኑ ብቻ ነው።

ሙያውን የሚጀምር ወጣት ገንዘቡን ሲመድብ ግን ለሄድፎን የሚደርሰው ትርፍራፊው ነው። ኮንትሮለሩ ይገዛል፣ ላፕቶፑ ይቀየራል፣ ስፒከሩ ይከራያል፤ ሌሊቱን ሙሉ ጆሮ ላይ የሚያድረው ዕቃ በቀረችው ብር ይሸመታል። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት፤ ምክንያቱ ደግሞ ድሎት አይደለም። ሄድፎን ጆሮ ላይ በደንብ ካልገጠመ የውጭው ድምፅ ሾልኮ ይገባል። ሲገባ ዲጄው የሄድፎኑን ድምፅ ይጨምራል፤ በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ሲጨምር ያድርና ወደ ቤቱ ሲገባ ጆሮው ይጮኽበታል። ከልክ በላይ የሚያጠብቅ ሄድፎን ደግሞ ሰዓት ሳይሞላው አንገት ላይ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ዘፈን ከዘፈን የሚገናኘው በግምት ነው። ስለዚህ ለዲጄ የሚመች ሄድፎን የሚባለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለመሥራት የሚያስችለው ነው።

ቀጣዩን ዘፈን በሄድፎን ለይቶ የማዳመጥ ልማድ የመጣው ከሩቅ ነው። ጆን ኮስ የተባለው አሜሪካዊ የመጀመሪያውን ስቴሪዮ ሄድፎን ለሕዝብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1958 ሲሆን፣ የታሰበውም ቤቱ ተቀምጦ ሸክላ ለሚያዳምጥ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ግን ኒው ዮርክ ውስጥ ሳንክቹዋሪ በተባለ ጭፈራ ቤት የሚሠራው ፍራንሲስ ግራሶ ሄድፎኑን ለሌላ ጉዳይ አዋለው። አንደኛው ሸክላ ለጨፋሪው እየዘፈነ ሁለተኛውን በጆሮው ብቻ ያዳምጥና፣ ምቱን ከምቱ አስተካክሎ ሳያቋርጥ ያሻግራል። ዛሬ ወሎ ሰፈር የቆመው ዲጄ የሚሠራው ሥራ በመሠረቱ ይኸው ነው።

አዲስ አበባ ላይ ሥራው አንድ ተጨማሪ ክብደት አለው። የአገራችን ዘፈን ለኮምፒውተር በቀላሉ አይገዛም። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋሙት አምሃ ሪከርድስ የታተሙት የዓለማየሁ እሸቴና የሙላቱ አስታጥቄ ሸክላዎች ባንዱ በአንድነት እየተጫወተ የተቀረጹ ናቸው። ከበሮ መቺው ሰው ነውና ስሜቱ ሲሞቅ ምቱ ይፈጥናል፣ ዘፋኙ ሲያስረዝም ይጠብቀዋል። ራሱ ዲጄ የነበረው ሮፍናን ኑሪ በ2010 ዓ.ም. ባወጣው «ነጸብራቅ» ላይ ያለው በኮምፒውተር የተሠራ ምት ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይነቃነቅም። እነዚህን ሁለት ዓይነት ሙዚቃዎች ማጋጠም የፈለገ ዲጄ የማሽኑን የማመሳሰያ ቁልፍ ተጭኖ እጁን ማጣጠፍ አይችልም። ችክችካው ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። በአንድ ዙሩ ያሉትን ስድስት ምቶች ሁለት ጊዜ በሦስት ወይም ሦስት ጊዜ በሁለት አድርጎ መስማት ስለሚቻል ሶፍትዌሩ ፍጥነቱን አሳስቶ ሊያነበው ይችላል። የመጨረሻው ዳኛ ጆሮ ስለሆነ የአዲስ አበባ ዲጄ ሄድፎኑን የሚያጠልቀው አንድ ወጥ የሆነ ሀውስ ሙዚቃ ከሚያጫውተው የበርሊን ባልደረባው ይልቅ ለረጅም ጊዜ ነው።

ለዚህ ሥራ ጀርባው ድፍን የሆነ ሄድፎን ያስፈልጋል። ጀርባው ክፍት የሆነው ለስቱዲዮ ጥሩ ቢሆንም ክለብ ውስጥ ያለውን ጩኸት ሁሉ ያስገባል። ድፍኑም ቢሆን ሁሉንም አያግድም። ጭብጨባውን፣ ጸናጽሉንና የክራሩን ቀጭን ድምፅ በደንብ ይከለክላል፤ ወፍራሙ ቤዝ ግን በስፖንጁም በአጥንትም አልፎ ይገባል። ልምድ ያላቸው ዲጄዎች ምት ሲያስተካክሉ ከከበሮው ጉምጉምታ ይልቅ ቀጭኑን ድምፅ የሚከተሉት ስለዚህ ነው። ሄድፎን ሲፈተንም መታየት ያለበት የቤዙ ግዝፈት ሳይሆን ጭብጨባው ጥርት ብሎ መሰማቱ ነው። ሻጭ ግን ሁልጊዜ የሚያስደምጠው ቤዙን ነው።

ቀጥሎ ያለው ምርጫ ጆሮ ላይ በሚያርፈውና ጆሮን ሙሉ በሙሉ በሚከበው መካከል ነው። በዓለም ዙሪያ በዲጄዎች ዘንድ ስሙ የገነነው የጀርመኑ ሴንሃይዘር ኤችዲ 25 የመጀመሪያው ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ሲወጣ የታሰበው ለካሜራ ባለሙያዎችና ለስርጭት ሠራተኞች ነበር። ያለ ገመዱ 140 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ የራስ ቅስቱ ለሁለት ተከፍሎ ክብደቱን ያካፍላል፤ አንዱ ጆሮ ወደ ኋላ ይዞራል። በአንጻሩ ጆሮን የሚከበው የኦዲዮ ቴክኒካ ኤም 50 ኤክስ 285 ግራም፣ የቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ ደግሞ 270 ግራም ገደማ ነው።

ቀላሉ ሁልጊዜ ይሻላል ማለት ግን አይደለም። ጆሮ ላይ የሚያርፈው ሄድፎን ድምፅ የሚያግደው በመጫን ነው። ለአንድ ሰዓት ተኩል የክለብ ሥራ ግሩም ነው፤ ከቀትር እስከ ምሽት ለሚዘልቅ ሰርግ ግን ጆሮን ከራስ ቅል ጋር ሲያጣብቅ ይውላል። የሚከበው ጫናውን ከጆሮ ዙሪያ ላለው አጥንት ስለሚሰጥ ረጅም ሰዓት ይቻላል፤ ዋጋው ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ብትሆንም፣ በሕዝብ የተሞላ ክለብ ወይም የጥር ፀሐይ የወረደበት ድንኳን ውስጥ ላቡ አይቀርም። በቆዳ መሰል ላስቲክ የተለበጠ ስፖንጅ ላብ ሲጠግብ ይሰነጠቃል፣ ጥቁር ቅርፊቱም አንገት ላይ ይራገፋል። ከፋይ መሰሉ ጨርቅ ይተነፍሳል፤ ግን ድምፅ ያስገባል። በዚህ ጸሐፊ ሚዛን ዋና እንጀራው ሰርግ የሆነ ዲጄ የሚከበውን፣ የምሽት ክለብ የሆነው ደግሞ ቀላሉን ቢመርጥ ይሻለዋል።

የማስታወቂያ ፎቶ የማያሳየው ነገር ፀጉር ነው። አፍሮ ያለው ሰው የራስ ቅስቱ አናቱ ላይ ሳይደርስ ይንሳፈፍበታል፤ በዚህም ጆሮው ላይ የሚደርሰው ግፊት ይቀየራል። ሹሩባ የተሠራች ዲጄ ቅስቱ ጉንጉኑ ላይ ሲያርፍ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሕመሙን ታውቀዋለች፤ ለእሷ የሚሻለው ሰፊና ለስላሳ ቅስት ወይም ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ የሚቀመጥ ነው። በሒጃብ ላይ የሚጠለቅ ከሆነ ጨርቁ ስስና ያልተጣጠፈ መሆን አለበት፤ እጥፋቱ ከሚከበው ሄድፎን ሥር ገብቶ ክፍተት ይፈጥራልና። መነጽርም እንዲሁ ነው። የመነጽሩ ክንድ ስፖንጁን ከፍ ያደርገዋል፣ ጆሮ ላይ በሚያርፈው ዓይነት ደግሞ ጆሮን ከጀርባው ይቆርጠዋል። ስለዚህ ሄድፎን መሞከር ያለበት ለሥራ በሚወጣበት ፀጉር፣ ሻሽና መነጽር ነው።

ዲጄ ከአዝማሪም የሚማረው አለ። ካዛንቺስ በአዝማሪ ቤቶቿ ስሟ የተጠራ ሰፈር ነበረች። ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. ለልማት እስኪነሣ ድረስ የዳንሰኛው የመላኩ በላይ የባህል ማዕከል፣ ፈንድቃ፣ የነበረውም እዚያው ነው። አዝማሪ ማሲንቆውን እየገዘገዘ ዓይኑም ጆሮውም እንግዳው ላይ ነው፤ ማን እንደሳቀ፣ ማን እንደተቀየመ፣ ማን ሊሸልም እንደተነሣ ያውቃል፣ ቀጣዩን ስንኝ የሚሰጠውም ይኸው ነው። ሁለቱንም ጆሮውን ደፍኖ የሚሠራ ዲጄ ይህን ያጣል። አንዱን ጆሮ ለሚመጣው ዘፈን፣ ሌላውን ለአዳራሹ መስጠት ከቆየ የሙያው ልማድ አንዱ ነው። ስለዚህ የሚዞር ወይም ወደ ኋላ የሚገፋ የጆሮ ክፍል ለዲጄ ጌጥ አይደለም። የማይዞር ሄድፎን የገዛ ሰው ሄድፎኑን በትከሻው ደግፎ ሲሠራ ያመሻል፤ ጠዋት አንገቱን ማዞር ያቅተዋል።

ስለ ጆሮ ጤና ቁጥሮቹ ግልጽ ናቸው። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም፣ ናዮሽ፣ በሚመክረው መሠረት አንድ ሠራተኛ 85 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ በቀን 8 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ሙዚቃ ለሚቀርብባቸው ቦታዎች ባወጣው መስፈርት በ15 ደቂቃ የሚለካው አማካይ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ ጠይቋል። ዲጄ ደግሞ በሄድፎኑ የሚሰማው ነገር ከአዳራሹ ጩኸት በልጦ እንዲሰማው ይፈልጋል። በደንብ የገጠመ ሄድፎን አዳራሹን ዝቅ ካደረገለት እሱም ዝቅ አድርጎ ይሠራል፤ በሳሳ ስፖንጅ የሚሠራው ግን ከአዳራሹ ጋር እሽቅድምድም ይገባል። የሚሞተው የጆሮ ውስጥ ፀጉር መሰል ሕዋስ ተመልሶ አይበቅልም። በዚህ ከተማ ሌሊት ሌሊት የሚሠሩ ልጆች ብዙዎቹ ገና ወጣቶች መሆናቸው ነገሩን የበለጠ አሳሳቢ ያደርገዋል።

ብሉቱዝ ለዚህ ሥራ ይቅር። የተለመዱት የብሉቱዝ ሄድፎኖች ድምፁን ከ150 እስከ 250 ሚሊ ሰከንድ ያዘገዩታል። በደቂቃ 120 ጊዜ በሚመታ ዘፈን ከምት እስከ ምት ያለው ጊዜ 500 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ ዲጄው የሚሰማው ምት ከእውነተኛው በግማሽ ምት ሊዘገይ ይችላል።

በገመድም ቢሆን የኦሙን (የኤሌክትሪክ ተቃውሞውን) ቁጥር ማየት ይበጃል። ዲቲ 770 ፕሮ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ይሸጣል፤ መልካቸው ስለሚቀራረብ ያላስተዋለ ሰው 250ውን ገዝቶ በዩኤስቢ ኃይል በሚሠራ ትንሽ ኮንትሮለር ላይ ሲሰካው ድምፁ አልበቃ ይለዋል። ኤችዲ 25 70 ኦም፣ ኤም 50 ኤክስ 38 ኦም ናቸው፤ ሁለቱም አያስቸግሩም። ገመዱ ጥቅልል ቢሆን አይጎተትም፣ እግር ሥርም አይገባም። የትልቁ ጃክ አዳፕተር ተጠምዝዞ የሚገባ ይሁን፤ ተገፍቶ ብቻ የሚገባው በጨለማ ውስጥ ሚክሰሩ ላይ ተሰክቶ ይቀራል።

የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር በይፋዊው ተመን ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። አሁን ሄድፎን የሚገዛ ሰው በየዓመቱ ሊቀይረው አያስብም፤ ጥያቄው ሲበላሽ ይጠገናል ወይ ነው። እዚህ ላይ ሞዴሎቹ ይለያያሉ። የኤችዲ 25 ገመድ፣ ስፖንጅና የድምፅ ክፍል ሁሉ ለየብቻ ይገዛል። ኤም 50 እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣ ገመዱ የማይነቀል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የተካው ኤም 50 ኤክስ ግን የሚነቀሉ ሦስት ገመዶች ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ሶኒ ኤምዲአር 7506 ዛሬም ገመዱ ከአካሉ አይለይም፤ ሲበጠስ ከፍቶ በስታኞ መበየድ ግድ ነው። ይህን የሚችል ጎበዝ ጠጋኝ አዲስ አበባ ውስጥ አይታጣም፤ ቅዳሜ ለሰርግ ሲጣደፉ ግን ሱቁ ዝግ ይሆናል።

ፎርጅዱ ብዙ ነው። ካርቶኑ ከኦሪጅናሉ አይለይም፤ የሚያሳብቀው ክብደቱ፣ የማጠፊያው ልልነትና የስፖንጁ ስፌት ነው። ያገለገለ ኦሪጅናል ከአዲስ ፎርጅድ ይሻላል፤ ስፖንጁ ብቻ በአዲስ ይተካ።

ሱቅ ውስጥ ሲሞከር ጠቃሚው ነገር ጊዜ ነው። ሁሉም ሄድፎን ለሁለት ደቂቃ ይመቻል። የሚያጠብቅ ቅስት ሕመሙ የሚመጣው ቆይቶ ስለሆነ ሻጩን አስፈቅዶ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ማጥለቅ፣ እያጎነበሱ መነሣት፣ አንዱን ጆሮ ደጋግሞ ማዞር ያስፈልጋል። የሚደመጠውም በስልክ ላይ የተጫነ የራስ ዘፈን ይሁን፤ አንድ የቆየ የባንድ ቅጂ፣ አንድ ችክችካ፣ አንድ የኮምፒውተር ምት። በር ከፍቶ የመንገዱን ጫጫታ እያስገቡ መስማት ደግሞ ከጸጥታው ይልቅ ብዙ ይናገራል።

የኦርቶዶክሳውያን ሰርግ በዐቢይ ጾም ስለማይደገስ ሥራው ጥር ላይ ይከማችና ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይጀምራል። በመሐል ያለው የጾም ጊዜ ለጥገና የተመቸ ነው። የረገበ ስፖንጅ ይቀየራል፣ ገመዱ ከሥሩ እየታጠፈ ይፈተሻል፣ ላቡ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። በአንድ ቡዝ ውስጥ ሄድፎን የሚጋሩ ዲጄዎች የየራሳቸውን ስፖንጅ ቢይዙ የጆሮ ቁስል አይተላለፍባቸውም፤ በኤችዲ 25 ላይ ስፖንጅ ለመቀየር የሚፈጀው ጊዜ ከአንድ ዘፈን አይበልጥም።