ቴሌግራም በኮምፒውተር፦ ከፎቶ ኮፒ ቤት ስንወጣ ምን ትተን እንወጣለን?

በዛሬው የቴክኖሎጂ ዓምድ ስለ ቴሌግራም ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። «ቴሌግራምማ ማን የማያውቀው አለ!» እንደምትሉ ይገባኛል። እኔ የምጽፈው ግን ስልክ ላይ ስላለው ሳይሆን ኮምፒውተር ላይ ስለሚጫነው ነው። ሁለቱ መንታ ይመስላሉ እንጂ ጠባያቸው ይለያያል።

አጎቴ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ፎቶ ኮፒና ኮምፒውተር ጽሕፈት ይሠራል። ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ጋ እየሄድኩ ማሽኑ ውስጥ ወረቀት እጨምራለሁ፣ የታተመውን በስቴፕለር አያይዛለሁ፣ ሰው ሲበዛ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጬ ፋይል እቀበላለሁ። ቦታው ከፒያሳ ወደ መርካቶ መተላለፊያ ስለሆነ የማይመጣ ሰው የለም። ንግድ ፈቃድ የሚያስገለብጥ ነጋዴ አለ፣ ሲቪ የሚያስጽፍ ሥራ ፈላጊ አለ፣ እንደ እኛ አሳይመንት የያዘ ተማሪም አለ። አጎቴ እንደሚለው ድሮ ሁሉም የሚመጣው ፍላሽ ይዞ ነበር። ፍላሹ ሲሰካ ቫይረሱም አብሮ ይገባል፤ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ይሆንና ባለቤቱ «ፋይሌን አጠፋችሁት!» ብሎ ጠብ ያነሳል። አሁን በር ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ «ቴሌግራም አላችሁ?»

በኮምፒውተር መልእክት መለዋወጥ ግን በቴሌግራም አልተጀመረም። አይሲኪው የሚባለው ፕሮግራም የወጣው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ የሠሩት እስራኤላውያን ናቸው። ከዚያ ያሁ ሜሴንጀር መጣ። አጎቴ በወጣትነቱ ፒያሳ ኢንተርኔት ካፌ ገብቶ፣ በደቂቃ እየከፈለ፣ ውጭ አገር ካሉ ጓደኞቹ ጋር በያሁ ሜሴንጀር ያወራ ነበር። ያሁ ሜሴንጀር ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ተዘጋ። አይሲኪው ሰኔ 2016 ዓ.ም. ተዘጋ። ስካይፕም ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ተከተላቸው። ቴሌግራምን ፓቬል ዱሮቭና ወንድሙ ኒኮላይ ለሕዝብ ያቀረቡት በነሐሴ 2005 ዓ.ም. ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔ አንደኛ ክፍል ነበርኩ፤ የቤት ሥራችን የሚመጣው በእናቴ ቴሌግራም ነበር። እናንተም ጋ እንደዚያ የነበረ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የቴሌግራም መልእክት የሚቀመጠው ስልካችን ውስጥ ብቻ አይደለም። ሰርቨር በሚባሉ የድርጅቱ ኮምፒውተሮች ውስጥ ይቀመጣል። የአይሲቲ መምህራችን ይህንን «ክላውድ» ይሉታል። ቃሉ ደመና ማለት ነው፤ ግን ሰማይ ላይ ምንም የለም፣ መሬት ላይ ያለ መጋዘን በሉት። ስለዚህ በማንኛውም ኮምፒውተር አካውንታችሁን ስትከፍቱ የዛሬው ብቻ ሳይሆን የዛሬ ሦስት ዓመቱ መልእክትም ተከትሎ ይመጣል። የማይመጣው «ሲክሬት ቻት» የሚባለው ብቻ ነው። እሱ መጋዘኑ ውስጥ አይገባም፤ ዊንዶውስ ላይ ያለው የቴሌግራም ፕሮግራምም አይከፍተውም።

ሌላው ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ አንዴ ከተገባ በኋላ ስልኩ አያስፈልግም። ባትሪው ቢዘጋ፣ ቤት ቢረሳ፣ ዳታ ባይኖረው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ቴሌግራም ምንም አይመስለውም፣ ሥራውን ይቀጥላል። ዋትሳፕ ቀደም ሲል እንዲህ አልነበረም፤ ስልኩ ከኢንተርኔት ሲወጣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውም ይቆም ነበር። ይቺን ነገር በአእምሯችሁ ያዙልኝ። ወደ ታች እመለስባታለሁ።

ፋይል ስለመላክ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያጨቃጭቀን ይሄ ነው። በነፃ አካውንት አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋ ባይት ድረስ መላክ ይቻላል። ለእኛ አሳይመንት ይሄ ከበቂም በላይ ነው። ችግሩ ያለው ፎቶ ላይ ነው። አንድ ሰውዬ የሰርተፍኬታቸውን ፎቶ ልከው ሲታተም ደበዘዘባቸው። «ሚጣዬ፣ ስልኬ ላይ ጥርት ብሎ እየታየ እናንተ ጋ ሲመጣ ምን ነካው?» አሉኝ። «ጋሼ፣ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩልኝ» አልኳቸው። ላኩት፤ ጥርት ብሎ ወጣ።

ምክንያቱን በሒሳብ እንየው። ፎቶ በተለመደው መንገድ ሲላክ ቴሌግራም ዳታ ለመቆጠብ ያሳንሰዋል፤ ብዙ ጊዜ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ነጥብ ያወርደዋል። ኤ4 ወረቀት ቁመቱ 29.7 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ወደ 11.7 ኢንች ማለት ነው። ጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይፈልጋል። 11.7 በ300 ሲባዛ 3510 ይመጣል። እንግዲህ 1280 ነጥብ 3510 ቦታ ሊሞላ ሲለጠጥ አንዱ ነጥብ የሦስት ያህል ሥራ ይሠራል። ባይደበዝዝ ነበር የሚገርመው! እንደ ፋይል ሲላክ ግን ሳይነካ እንዳለ ይደርሳል። ኮምፒውተሩ ላይ ፎቶ ስትልኩ ፎቶውን የሚያሳንሰውን ምልክት ማንሳት ነው፤ ስልክ ላይ ደግሞ በ«ፋይል» በኩል መምረጥ ነው።

የዎርድ ፋይልም የራሱ ጣጣ አለው። በድሮው የፓወር ግዕዝ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ያ ፊደል ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ማንም የማያነበው የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ይሆናል። ያንኑ ጽሑፍ ገልብጣችሁ ቴሌግራም ላይ ብትለጥፉትም እንደዚያው ነው። ጥፋቱ የቴሌግራም አይደለም። ፋይሉን ወደ ፒዲኤፍ ቀይሮ መላክ ይገላግላል፤ ፒዲኤፍ ፊደሉን ይዞ ይሄዳል።

ስለ ኪቦርዱም ልንገራችሁ። ኮምፒውተር ላይ «ኢንተር» ሲጫኑት መልእክቱ ይላካል። አዲስ መስመር የፈለገ ሰው ኢንተር ይጫንና ግማሹን ልኮ ይደነግጣል። ለአዲስ መስመር «ሺፍት» ይዞ ኢንተር መጫን ነው። የመጨረሻውን መልእክት ለማረም መጻፊያው ባዶ እያለ ወደ ላይ የሚያመለክተውን ቀስት መጫን ይበቃል፤ ለማረም የሚፈቀደው ግን እስከ 48 ሰዓት ነው። «ኮንትሮል» እና ዜሮ አብረው ሲጫኑ «ሴቭድ ሜሴጅስ» ይከፈታል፤ ለራሳችን የምንልክበት ቦታ ነው፣ እኔ እንደ ደብተር ነው የምጠቀምበት። የመላኪያው ቀስት ላይ በማውሱ ቀኝ ስትጫኑ መልእክቱ በሌላ ሰዓት እንዲሄድ ቀጠሮ መያዝ ይቻላል። መምህራን ይህንን ቢያውቁ እሑድ ማታ በ3 ሰዓት የቤት ሥራ እንዳይልኩብን እፈራለሁ።

ግሩፕና ቻናልን የምታምታቱ ደግሞ እንዲህ አስቡት። ቻናል ማለት ጠዋት ሰልፍ ላይ የሚኒ ሚዲያችን ማይክ ነው፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል። ግሩፕ ማለት የእረፍት ሰዓት ነው፤ ሁሉም እኩል ይጮሃል። አንድ ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል። የእኛ ክፍል ግሩፕ ያን ያህል ሳይሆን እንኳ በስቲከር ብቻ ሊፈነዳ ነው። ግን ጥሩ ነገርም አለው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ የሄዱ ጓደኞቻችን እስካሁን እዚያው አሉ። ትምህርት ቤት ቀየሩ እንጂ ግሩፕ አልቀየሩም።

አሁን በአእምሯችሁ ያዙልኝ ወዳልኩት ልመለስ። ስልኩ ባይኖርም ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ቴሌግራም ይሠራል ብያለሁ። ታዲያ ፎቶ ኮፒ ቤት አካውንታችሁን ከፍታችሁ፣ አሳትማችሁ፣ ስልካችሁን ኪሳችሁ ከትታችሁ ብትወጡስ? አካውንቱ እዚያው ክፍት ነው። ብዙ ሰው በቀይ የምትታየዋን የኤክስ ምልክት ሲጫን የወጣ ይመስለዋል። አልወጣም! መስኮቱ ተዘጋ እንጂ ፕሮግራሙ ታች ሰዓቱ አጠገብ ቁጭ ብሏል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በማግሥቱ ቢበራ እንኳ አካውንቱ ያለ ምንም ጥያቄ ይከፈታል።

ደግሞ አስቡት፤ አብዛኞቻችን የራሳችን ስልክ የለንም። ለአሳይመንት የምንከፍተው የእናታችንን ወይም የአባታችንን አካውንት ነው። እዚያ ውስጥ የዕቁቡ ግሩፕ አለ፣ የመታወቂያ ፎቶ አለ፣ ውጭ አገር ያለችው አክስት አለች። የምንተወው የራሳችንን ነገር ብቻ አይደለም።

ሰፈራችን ያለ አንድ ልጅ እናቱ ፈቅደውለት በእሳቸው ቴሌግራም አንድ ቤት ገብቶ የሳይንስ ፕሮጀክት አሳተመ። ቤቱ የአጎቴ አይደለም፣ የማን እንደሆነም አልጽፍም። በሦስተኛው ቀን ለአክስቱ በእናቱ ስም «ቸግሮኛል፣ በዚህ ቁጥር ብር ላኪልኝ» የሚል መልእክት ደረሳቸው። አክስትየው ልትልክ ስትል ቆም አሉ። ለምን መሰላችሁ? እናትየው በሕይወታቸው ጽሑፍ ጽፈው አያውቁም፤ ሁልጊዜ የሚልኩት ድምፅ ነው፣ እሱም «እታለም» ብሎ የሚጀምር። ስለዚህ ደወሉ። ብሩ ተረፈ። ልጁ ግን ከዚያ በኋላ የእናቱን ስልክ መንካት ተከልክሎ ወር ሞላው። እኔ እንደሚመስለኝ መከልከሉ መፍትሔ አልነበረም፤ የጎደለው አወጣጡን የሚያሳየው ሰው ነበር።

አወጣጡ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ «ሴቲንግ» ውስጥ ገብታችሁ ላይ በስተቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ስትጫኑ «ሎግ አውት» የሚል ይመጣል። እሱን ሳትጫኑ ከወንበሩ አትነሱ። ረስታችሁ ቤት ብትገቡም አልመሸም። ስልኩ ላይ ሴቲንግ፣ ከዚያ «ዲቫይስስ» የሚለውን ክፈቱ። አካውንቱ የተከፈተባቸው ሁሉ ተዘርዝረው ታያላችሁ፤ የቱ ኮምፒውተር እንደሆነ፣ መቼ እንደተጠቀመ ይናገራል። ከላይ በቀይ የተጻፈው ከያዛችሁት ስልክ በስተቀር ሌላውን ሁሉ ያስወጣል። አዲስ የገባ ሰው የቆየውን ስልክ ወዲያው ማስወጣት አይችልም፤ 24 ሰዓት መቆየት አለበት። ያቺ 24 ሰዓት የእናንተ ናት።

የመግቢያ ኮዱን በሚመለከት፣ በአምስት አኃዝ የሚመጣውን ኮድ ለማንም አትንገሩ። «በስህተት ወደ አንቺ ስልክ ኮድ ተልኮብኝ ነው፣ እባክሽ ንገሪኝ» የሚል ሰው የሚፈልገው የእናንተን አካውንት ነው። ካሬው ምስል በስልክ ተነስቶ የሚገባበት መንገድም አለ፤ እሱም ያው በር ነው። «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚባለውን ካበራችሁት ኮዱን ያገኘ ሰው እንኳ ያለ ሁለተኛው የይለፍ ቃል አይገባም። ይህንን ዛሬ ማታ ከወላጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ አብሩት፤ የይለፍ ቃሉን እነሱ ይያዙት።

ሎግ አውት ካደረግን በኋላስ ሁሉም ነገር ይጠፋል? አይጠፋም፤ እኔንም የገረመኝ ይሄ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የወረደ ፋይል «ዳውንሎድስ» ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚባል ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። አካውንቱ ሲወጣ ፎልደሩ አብሮ አይወጣም። መልእክቱን ከሁለቱም ወገን ብታጠፉት እንኳ የወረደው ቅጂ እዚያው ነው። አጎቴ ጋ ስከፍተው የልደት ሰርተፍኬት፣ የፓስፖርት ገጽ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ጉርድ ፎቶ፣ የማን እንደሆነ የማላውቀው የሆስፒታል ውጤት ሳይቀር ተከምሮ ነበር። ማንም ክፉ አስቦ አላስቀመጠውም፤ ቴሌግራም ሲያወርድ የሚያደርገው እንደዚያ ነው።

ስለዚህ ለማሳተም ብቻ ከሆነ አካውንት መክፈት ራሱ አያስፈልግም። ከስልካችሁ ሆናችሁ ለቤቱ አካውንት ፋይሉን ላኩ። ከታተመ በኋላ የላካችሁትን ከሁለቱም ወገን አጥፉ፤ ከዚያ «ጋሼ፣ ከዳውንሎድም ያጥፉልኝ» በሉ። ማፈር የለም፤ የእኛ ደንበኞች ሲሉን ማንም አይቆጣም። አጎቴ ጋ አሁን ማታ ከመዘጋቱ በፊት ያንን ፎልደር ባዶ ማድረግ የእኔ ሥራ ሆኗል። ቀጥሎ ሪሳይክል ቢኑን እከፍታለሁ፤ ዴሊት የተደረገው መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነዋ።

ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል