«ተቆረጠ» ወይስ «ተበጠሰ»? ባትማን ለጋዜጠኝነት ተማሪ ምን ያስተምራል?

በዚህች የትምህርት ክፍላችን መጽሔት ላይ ስለ ዜና አጻጻፍ፣ ስለ ሙያ ሥነ ምግባርና ስለ ፕሬስ ታሪክ ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ግን ስለ አንድ ፊልም ነው፤ ያውም ጭንብል አጥልቆ በሌሊት ስለሚዞር ሰው። «እንዴ! ይሄ ልጅ ምን ነካው?» የሚል አይጠፋም። እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁኝ ጉዳዩ ዞሮ ዞሮ ወደ ሙያችን ይመጣል። ፊልሙን ያላያችሁ ግን ከወዲሁ እወቁት፤ ምስጢሩን እዘረግፈዋለሁ።

በቅድሚያ ራሴን ላስተዋውቅ። የባትማን ወዳጅ ከሆንኩ አሥር ዓመት አልፎኛል። ደብረ ታቦር ውስጥ በፍላሽ ፊልም የሚጭኑ ሱቆች ጋ ሳንቲም እያጠራቀምኩ ስመላለስ ነው ያደግሁት። ክሪስቶፈር ኖላን የሠራቸውን ሦስቱን ፊልሞች (2005፣ 2008 እና 2012) ስንት ጊዜ እንዳየኋቸው ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ብዙ ሰው የሳቀበትን የ1997ቱን «ባትማንና ሮቢን» እንኳ ጥርሴን ነክሼ ጨርሼዋለሁ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንደ ወዳጅ አንድ የቆየ ቅሬታ ነበረኝ። ባትማን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ ያለው በ1939 «ዲቴክቲቭ ኮሚክስ» በተሰኘው የሥዕል መጽሔት ቁጥር 27 ላይ ነው። መጽሔቱ ስሙ እንደሚናገረው የወንጀል መርማሪዎች ታሪክ የሚወጣበት ነበር። ባትማንም እንደ ሱፐርማን አይበርም፤ ያለው ገንዘብና አእምሮ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ፊልሞቹ መኪናውንና ቡጢውን አሳይተውን አእምሮውን ረሱት። መርማሪነቱ የታለ?

የ2022ቱ «ዘ ባትማን» ይህን ቅሬታዬን መልሶልኛል። አዘጋጁ ማት ሪቭስ ሲሆን ባትማንን ሆኖ የሚሠራው ሮበርት ፓቲንሰን ነው። ርዝመቱ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚቀረው። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ጎታም በምትባል ምናባዊት ከተማ ከንቲባው ቤቱ ውስጥ ተገድሎ ይገኛል። ገዳዩ ራሱን «ሪድለር» ብሎ ይጠራል፤ በእኛ አነጋገር «እንቆቅልህ» ባዩ መሆኑ ነው። ሰው በገደለ ቁጥር ለባትማን የተጻፈ ፖስታ ይተዋል፤ በውስጡም እንቆቅልሽ አለ። ባትማን ጎርደን ከተባለው ፖሊስ ጋር ሆኖ ሬሳው ያለበት ክፍል ይገባል፣ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ይሳሳታል፣ እንደገና ይጀምራል። በቃ፣ እኔ ስጠብቀው የኖርኩት ይህንን ነው!

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ በተለይ ሁለት ቦታዎች አሉበት።

የመጀመሪያው ስለ ሁለት ምንጮች ነው። ሪድለር የባትማንን አባት፣ የሀብታሙን የቶማስ ዌይንን ገመና ያወጣል። ቶማስ ለከንቲባነት ሲወዳደር ኤድዋርድ ኤልየት የሚባል ጋዜጠኛ የቤተሰቡን ምስጢር ይደርስበታል። በገንዘብ ዝም ሊያሰኘው ይሞክራል፤ ጋዜጠኛው አሻፈረኝ ይላል። ቶማስም ፋልኮን ወደተባለ የወንበዴ አለቃ ይሄዳል፤ ጋዜጠኛውም ይገደላል። ልጁ እውነቱን ፍለጋ ሁለት ሰው ይጠይቃል። ፋልኮን «አባትህ ራሱ ነው የለመነኝ» ይለዋል። ያሳደገው አልፍሬድ ደግሞ «አባትህ እንዲያስፈራራው እንጂ እንዲገድለው አላለም፤ ሲሰማም ለፖሊስ ሊናገር ወስኖ ነበር» ይለዋል። ፋልኮን ራሱን ለማዳን ሊዋሽ ይችላል፤ አልፍሬድም ለሚወደው ሰው ሊያደላ ይችላል። ሦስተኛ ምንጭ የለም፤ ፊልሙም አይፈርድም። አልፍሬድ እንኳ የወላጆቹን ገዳይ በእርግጠኝነት እንደማያውቅ ይናገራል። ሁለት ምንጭ አገኘሁ ማለት እውነቱን አገኘሁ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ትዕይንት አላየሁም።

እዚህ ላይ ግን ፊልሙን እወቅሰዋለሁ። ጋዜጠኛው ኤልየት ስሙ ይጠራል እንጂ ለሞቱ የሚያዝንለት የለም። ክርክሩ ሁሉ «አባቴ ደግ ነበር ወይስ ክፉ?» የሚል ነው። የሞተው ጋዜጠኛስ? ቤተሰብ አልነበረውም? በተጨማሪም ፊልሙ ጨለማ ይበዛዋል፤ በጓደኛዬ ላፕቶፕ ሳየው ግማሹን ጊዜ የማየው የራሴን ፊት ነበር። የመጨረሻው ክፍልም ምርመራውን ትቶ እንደ ሌሎቹ ወደ ድብድብ ይገባል።

ሁለተኛው ቦታ ዋናው ነው። ሪድለር ከተያዘ በኋላ ባትማን ሁሉን የጨረሰ ይመስለዋል። ከንቲባው የተገደለበት ብረት እጁ ላይ ነው፤ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። የገዳዩ ቤት ውስጥ ቆሞ ሲያስብ አንድ ተራ ፖሊስ ብረቱን ያይና የምንጣፍ መሣሪያ መሆኑን ይነግረዋል፤ አጎቱ ምንጣፍ አንጣፊ ስለሆነ ነው ያወቀው። ባትማን ያኔ ምንጣፉን ይገነጥላል። የመጨረሻው ሤራ ከሥር ተጽፎ ያገኘዋል። ግን መሽቷል! ውኃ የሚከላከለው ግንብ በቦምብ ይፈርሳል፣ ከተማዋም በጎርፍ ትጥለቀለቃለች።

ልጆች ሆነን «እንቆቅልህ» ስንባባል መልሱ የጠፋው «አገር ስጠኝ» ይባል የለ? ባትማንም መልሱ ጠፍቶት ከተማውን ሰጠ። ያን ሁሉ የተራቀቀ መሣሪያ ይዞ የተሸነፈው፣ ሠራተኛ ሰው በየቀኑ የሚጨብጠውን ብረት ስለማያውቅና ስላልጠየቀ ነው። የእኛ አባቶች ሌባ ወይም ቤት አቃጣይ ሲጠፋባቸው አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ይጠሩ ነበር። የአካባቢው ሰው በሙሉ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው ሳይታወቅም መበተን የለም። ቂም መወጫ የሚሆንበት ጊዜ እንደነበር አይካድም። ነገር ግን ሥርዓቱ አንድ ነገር ያውቅ ነበር፦ ያየው ሰው ማን እንደሆነ አስቀድሞ አይታወቅም።

ይህንን የምጽፈው በሌላ ሰው ለመፍረድ አይደለም። ባለፈው ዓመት በሴሚስተር ዕረፍት ጉና ተራራ ሥር ወዳለው አጎቴ ቤት ሄጄ ነበር። አንድ ሌሊት ቦራ የሚሉት በሬ ከበረት ጠፋ። እኔ ደግሞ የዜና የቤት ሥራ ነበረብኝና «ዜና ተገኘ!» ብዬ ደብተሬን መዘዝኩ። የተረፈውን ገመድ በስልኬ ፎቶ አነሣሁ። ሦስት ሰው ጠየቅሁ፤ ሦስቱም ወንዶች፣ ሦስቱም የአጎቴ ዘመዶች ናቸው። ሦስቱም ከአጎቴ ጋር በድንበር የተጣላ አንድ ጎረቤት ጠረጠሩ። ማታ እሳት ዳር ጽሑፌን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። መጀመሪያው ላይ «ገመዱ ተቆርጦ ተገኝቷል» ይላል። የአጎቴ ልጅ ይህንን ሲሰማ ዱላውን አንሥቶ ቆመ።

የአጎቴ ባለቤት ከምጣዱ ቀና ብለው «እስቲ ያንን ፎቶ አሳየኝ» አሉኝ። አዩትና «አንተ ልጅ፣ ይሄ ተቆረጠ ይባላል? ሳስቶ ሳስቶ የተበጠሰ ነው እንጂ! ቢላ የነካው ገመድ ጫፉ እንዲህ ይንጨባረራል? አርጅቷል፣ ቀይሩት ብዬ ስንት ጊዜ ተናገርኩ፤ ማን ሰማኝ!» አሉ። የአጎቴ ልጅ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ቦራ ከወንዝ ማዶ ከሰው ከብት ጋር ተቀላቅሎ ሲግጥ ተገኘ።

«ተቆረጠ» ካልን ቆራጭ አለ፤ «ተበጠሰ» ካልን የለም። በአንዲት ግሥ ምክንያት ንጹሕ ሰው ሊፈነከት፣ ከዚያም አልፎ ደም ሊፈስ ይችል ነበር። ሦስት ምንጭ ነበረኝ፤ በሬውን ማታ ማታ የሚያስሩትን ሴትዮ ግን አልጠየቅኋቸውም።

ለማጠቃለል ያህል፣ እንደ ቆየ የባትማን ወዳጅ የ2022ቱን ፊልም ከሁሉም አስበልጬዋለሁ። ምክንያቱም ጀግናው ሲያሸንፍ ሳይሆን ሳይጠይቅ ሲቀር የሚከፍለውን ዋጋ ያሳየናል። ለዘገባ ስንወጣ ከባለሥልጣኑና ከተበዳዩ ሌላ፣ ነገሩን በእጁ የሚነካው ሰው ማን እንደሆነ እንፈልግ፤ የዕቃውን ስምና የሆነውን ነገር በእሱ አፍ እንስማ። እኔ የቤት ሥራዬን እንደገና ጽፌ አስገብቻለሁ። ፊልሙን ማየት የምትፈልጉ ካላችሁ ፍላሹ እኔ ጋ አለ፤ ብቻ ብርሃኑ ደህና የሆነ ስክሪን ፈልጉ።