የሚረሱ አባቶቻችንና እናቶቻችን
(ስለ አልዛይመር ሕመም የተዘጋጀ ትምህርት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



አባትና እናትን ማክበር ከዐሠርቱ ትእዛዛት አንዱ መሆኑን ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረናል። ሲራክ ደግሞ በመጽሐፉ በምዕራፍ 3 ከዚህ አልፎ፣ አባት አእምሮው ቢደክም እንኳ ልጁ እንዲታገሠውና እንዳይንቀው ይመክራል። ይህን ምክር በሥራ ለመፈጸም ግን ሕመሙን ማወቅ ያስፈልገናል።

1ኛ/ ሕመሙ ምንድን ነው?

አንድ አረጋዊ ነገር ሲረሱ በየሰፈሩ «ጃጁ» ይባላል፤ እርግማን ነው የሚልም አይጠፋም። ነገር ግን እርጅና ብቻውን ይህን አያመጣም። ቁልፍ ያስቀመጡበትን ረስቶ ኋላ ማስታወስ በማንም ላይ ይደርሳል፤ ቁልፉ ለምን እንደሚያገለግል መርሳት ግን የሕመም ምልክት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1901 አሎይስ አልዛይመር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በፍራንክፈርት ከተማ አንዲት የ51 ዓመት ሴት መረመረ። ሴትዮዋ የራሷን ስም እንኳ መጻፍ ያቅታት ነበር። በ1906 ስትሞት አንጎሏን በአጉሊ መነጽር ቢመለከት፣ በሕዋሳቱ ውስጥና በመካከላቸው ያልተለመደ ነገር ተከማችቶ አገኘ። ይህ ክምችት አሚሎይድና ታው ከሚባሉ ፕሮቲኖች የመጣ መሆኑ ከብዙ ዓመታት በኋላ ታውቋል። ሕዋሳቱም ቀስ በቀስ ይሞታሉ።

ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው አዲስ ነገር ከሚመዘገብበት የአንጎል ክፍል ነው። ስለዚህ ጠዋት የበሉትን የረሱ እናት የልጅነታቸውን ታሪክ አጥርተው ይናገራሉ፤ ውዳሴ ማርያምንም በቃላቸው ሊያደርሱ ይችላሉ። ኋላ ግን ሕመሙ እየገፋ ሲሄድ ልጃቸውን አለማወቅ፣ መንገድ መሳት፣ «ገንዘቤን ሰረቃችሁኝ» ማለት፣ በቤታቸው ተቀምጠው «ቤቴ ውሰዱኝ» ማለት ይመጣል። ይህን የሚያደርጉት በክፋት ወይም በግትርነት እንዳልሆነ ልብ እንበል።

2ኛ/ ሕክምና አለውን?

ፈጽሞ የሚፈውስ መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም፤ ምልክቱን ለጊዜው የሚያቀሉ ግን አሉ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ መታወክ፣ ከባድ ኀዘን ወይም የሚወሰድ መድኃኒትም ሊያስረሳ ይችላል፤ እነዚህ ደግሞ ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው። ስለዚህ «እርጅና ነው» ብሎ ቤት ማስቀመጥ አይገባም። ጠበል መጠመቅና ሐኪም ዘንድ መሄድም አይጣሉም፤ ለጠበል ተብሎ የታዘዘ መድኃኒት አይቋረጥ።

3ኛ/ አስታማሚዋስ?

እንደ ዓለም የጤና ድርጅት ግምት፣ የመርሳት ሕመም ላለባቸው ሰዎች ከሚሰጠው እንክብካቤ ሰባ በመቶውን ሰዓት የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው። በእኛም ዘንድ ሸክሙ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በአንዲት ሴት ልጅ ወይም ምራት ላይ ነው። ሌሊት እንቅልፍ የላትም፤ ቀን ቡታጋዙንና በሩን ስትጠብቅ ትውላለች፤ አንድ ጥያቄ ሃያ ጊዜ ትመልሳለች። ከማኅበርና ከእድር ትቀራለች፤ ብላ ብላ ከቅዳሴም ትቀራለች። ሰው ሁሉ «እናትሽ እንዴት ናቸው?» ይላታል፤ «አንቺስ?» የሚላት ጥቂት ነው። ብትቆጣ ኅሊናዋ ይወቅሳታል፤ ብትደክምም እንደ ኃጢአት ትቆጥረዋለች። ድካም ግን ኃጢአት አይደለም።

4ኛ/ እኛ ወጣቶች ምን እናድርግ?

ሀ) «ያውቁኛል? እኔ ማን ነኝ?» ብለን አንፈትናቸው። ፊት ለፊት ቀርበን ስማችንን እንንገራቸው፤ ባጭሩም እንናገር።

ለ) የሞተ ልጃቸውን ቢጠሩ መርዶውን በየጊዜው አናርዳቸው። «እስቲ ስለ እርሱ ያጫውቱኝ» እንበላቸው።

ሐ) እንደ ሕፃን አንቁጠራቸው። «አንቱ» የተባሉ ዛሬም አንቱ ናቸው።

መ) ስማቸውና የቤተሰብ ስልክ የተጻፈበት ወረቀት በኪሳቸው ይኑር፤ ጎረቤትም ይወቅ።

ሠ) መብላታቸውን ረስተው «ጾም ነው» ብለው እህል እንቢ ቢሉ፣ ወይም በጾም ቢበሉ፣ ቤተሰቡ አይጨነቅ፤ የንስሐ አባታቸውን ያማክር።

ረ) ከሁሉ በላይ ሁለት ሁለት ሆነን ተራ እንግባ። እሑድ አስታማሚዋ አስቀድሳ እስክትመለስ ድረስ አረጋዊቱ ዘንድ እንቀመጥ፤ የሚያውቁትን መዝሙር አብረናቸው እንዘምር። እኛ በሌላ ቀን ማስቀደስ እንችላለን፤ እርሷ ግን የምትተካት ካላገኘች አትችልም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በሰፈራችን እንዲህ ያለ ሕመምተኛ የሚያስታምም ማን አለ?
2. «ጃጁ» የሚለው ቃል በሕመምተኛውና በቤተሰቡ ላይ ምን ጉዳት ያደርሳል?
3. የመጀመሪያው ተራ የማን ይሁን?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።