ሁለት ፍየል ሲገዙ ወንድና ሴት አያጣምሩ

ጂንካ ላይ ትንሽ ሰፋ ያለ ግቢ ያለው ሰው ፍየል ለመያዝ ሲነሳ መጀመሪያ የሚታየው አንድ ወንድና አንድ ሴት ገዝቶ መልቀቅ ነው። ፍየሏ ትወልዳለች፣ ልጆቿም ይወልዳሉ፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል? እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ለማርባት ከሆነ ሁለት ሴት፣ ለሥጋ ወይም ለሽያጭ ከሆነ ሁለት ሙክት ይግዙ። ሁለት የሚሆኑበት ምክንያት ፍየል ብቸኝነት ስለማይስማማት ነው፤ ብቻዋን ከታሰረች ስትጮኽ ትውላለች። ወጠጤ መያዝ ግን የብዙ ሴቶች ባለቤት ጉዳይ ነው፤ አንድ ወጠጤ 25 ያህል ሴቶችን ማጥቃት ይችላልና፣ ለአንዲት ሴት ብሎ ዓመቱን ሙሉ መቀለብ በጥቂት ቀን ሥራ የዓመት ደመወዝ መክፈል ነው። ስለዚህ ላርባ ወይስ አላርባ የሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘት ያለበት ከገበያ በፊት እንጂ ፍየሏ ሆዷ ከገፋ በኋላ አይደለም።

ወጪው ቀላሉ ችግር ነው። ትልቁን በወር አስልተን እንየው። ፍየል የምታረግዘው 150 ቀን ያህል ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ልክ አምስት ወር። መስከረም ላይ የተጠቃች ፍየል የካቲት ላይ ትወልዳለች። መንታ ወለደች፣ አንዱ ወንድ አንዷ ሴት ናት እንበል። ወንዱ ግልገል አራት ወር ሲሞላው፣ ማለትም ሰኔ ላይ፣ ማስረገዝ ይችላል። ሴቷ ደግሞ ከአምስት ከስድስት ወሯ ጀምሮ ወንድ ልትፈልግ ትችላለች። እንግዲህ ዓመት ሳይሞላ ልጅ እናቱን፣ ወንድም እህቱን፣ አባት ልጁን የሚያጠቃበት ግቢ ሆነ ማለት ነው። ከአባትና ከልጅ ወይም ከእህትና ከወንድም የተወለደ ግልገል አንድን የዘር ባሕርይ ከእናቱም ከአባቱም በኩል ከዚያው ከአንድ ምንጭ የመውረስ ዕድሉ 25 በመቶ ነው፤ በአንድ ወላጅ ብቻ ከሚገናኙት ሲወለድ 12.5 በመቶ ይሆናል። ዝምድናው በየትውልዱ ሲደጋገም ቁጥሩም ይወጣል።

«የጎረቤቴ ፍየሎች እንዲሁ ይራባሉ፤ ምንም አልሆኑም» የሚል ሰው አይጠፋም። ጉዳቱ ሁልጊዜ የአካል ጉድለት ሆኖ ቢታይ ኖሮ ክርክሩ ባጭሩ ባለቀ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚታየው ሌላ ነው፤ ግልገሉ ቀጫጫ ይሆናል፣ በተወለደ በሳምንቱ ይሞታል፣ ፍየሏ መንታ መውለድ ትተዋለች፣ ወይም ቶሎ አታረግዝም። ባለቤቱ ይህን ሁሉ በመኖ እጥረት ወይም በዕድሉ ያሳብባል። ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ይላል፦ ሐመር፣ በና፣ ፀማይ ስንት ዘመን ወጠጤና ሴት በአንድ መንጋ ይዘው ኖረው የለም ወይ? ኖረዋል፤ የእነርሱ መንጋ ግን ዝግ ግቢ አይደለም። ፍየል በጥሎሽ ይሄዳል፣ ለወዳጅ በውሰት ይሰጣል፣ በገበያ ይለወጣል፤ ደሙ ሁልጊዜ ይንቀሳቀሳል። ሁለት ፍየል ብቻ ያለው የከተማ ሰው ወጠጤ መያዙን ከእነርሱ ቀዳ፤ ደሙ የሚንቀሳቀስበትን መንገድ ግን ትቶታል።

ወደ ግዢው። ቅዳሜ ጂንካ ገበያ ላይ ሻጩ «ሁለቱም ተላምደዋል፣ አብረው ነው ያደጉት» ካለዎት ያ ምስጋና ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው። አብረው ካደጉ የአንድ ወጠጤ ልጆች ሳይሆኑ አይቀሩም። አንዷን ከጂንካ፣ ሌላዋን ከቀይ አፈር የሐሙስ ገበያ ቢገዙ ይሻላል፤ ሁለት ሴቶች ቢሆኑም እንኳ ልጆቻቸው ወደፊት እንዳይቀራረቡ ይረዳል። አፏን ከፍተው የታችኛውን የፊት ጥርስ ይመልከቱ፤ አንድ ወይም ሁለት ጥንድ የለወጠች ትመረጣለች። ጡቷን በእጅዎ ይዳስሱ፤ እብጠት ያለበትን ይተዉ። ቀንድ በሌላት ፍየል አልከራከርም፣ ግን ቀንድ ለሌለው ወጠጤ በጭራሽ አይስጧት፤ ከእነዚህ ከሚወለዱት ሴቶች አንዳንዶቹ ፍናፍንትና መካን ይሆናሉ። ዝርያው የአገሩ ወይጦ ጉጂ ቢሆን ይበቃል፤ ሙቀቱንም ቁጥቋጦውንም ያውቀዋል።

ቤት ሲደርሱ ሦስት ሳምንት ከሌላ ፍየል ያርቋቸው፤ የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ ክትባትም ያስከትቧቸው። የከብቱ የደስታ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል፤ ለፍየሉ የተያዘው ቀጠሮ ግን ገና 2030 ነው።

ለማስጠቃት ጥቅምት መጨረሻ ጥሩ ነው፤ ፍየሏ መጋቢት መጨረሻ፣ ዝናቡ ቅጠል ሲያወጣ ትወልዳለች። ወንድ ስትፈልግ ጭራዋን ሳታቋርጥ ታወዛውዛለች፣ ያለምክንያት ትጮኻለች፣ ጓደኛዋ ላይ ትወጣለች። ይህ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቆያል፤ ካለፈ ከ21 ቀን ገደማ በኋላ ይመለሳል። ምልክቱን ባዩ ቀን ወደ ወጠጤው ይውሰዷት እንጂ ወጠጤውን ወደ ግቢዎ አያምጡት። በውሰት ወጠጤ በሽታ ይመጣል የሚለው ስጋት እውነት አለው፤ ፍየል የሚያስወርደው ብሩሴሎሲስ በደቡብ ኦሞም ተገኝቷል። መፍትሔው ወጠጤ መግዛት ሳይሆን «ዘንድሮ በመንጋህ ያስወረደች አለች?» ብሎ መጠየቅ ነው። አለች ካለ ሌላ ይፈልጉ። የተገዛ ወጠጤም ቢሆን ከአንዱ መንጋ ነው የሚመጣው።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሰናከልበት ጋ ደረስን፤ ወንድ ግልገሎችን ሦስት ወር ሳይሞላቸው መለየት። ሁለት ሴት ብቻ የገዛ ሰው ችግሩን ያመለጠ ይመስለዋል፤ ፍየሏ ወንድ በወለደች ቀን ግን ወጠጤ ገብቶለታል። መጋቢት መጨረሻ የተወለደ ግልገል ሰኔ መጨረሻ ላይ ሦስት ወሩ ነው። ባለቤቱ በዚያን ጊዜ «ገና ሕፃን ነው፣ ደግሞ ለእንቁጣጣሽ ዋጋ ያወጣል» ብሎ ያቆየዋል። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ግልገሉ አምስት ወር አልፎታል፤ እናቱንም እህቱንም ለማስረገዝ ከበቂ በላይ ጊዜ አግኝቷል። ግልገሉ የእናቱን ሽንት አሽትቶ አንገቱን ቀና፣ የላይኛ ከንፈሩን ወደ ላይ እጥፍ ሲያደርግ፣ በፊት እግሩም ጎኗን መታ መታ ሲያደርግ ካዩ ጨዋታ አይምሰልዎ። ያን ዕለት ይለዩት፤ ነገ አይበሉ።

ገመድ ደግሞ መለያ አይደለም። ወንዱን ቢያስሩት፣ የምትፈልገው ሴት ራሷ ትሄድለታለች። የቆረጠችን ፍየል የእሾህ አጥርም አያቆማትም። ማሳዮች በወጠጤው ሆድ ሥር ቆዳ አንጠልጥለው መገናኘትን ይከላከላሉ፤ ዘዴው ለጥቂት ቀን ያገለግላል፣ ለወራት ግን አልተማመንበትም። የሚያዋጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ በሦስት ወሩ መሸጥ ወይም ማኮላሸት። እኔ ማኮላሸቱን እመርጣለሁ፤ ሙክት ሆኖ ሲያድግ ዋጋውም ይሻላል፣ ለእህቱም ስጋት አይሆንም። ቡርዲዞ የተባለውን የማኮላሻ መቆንጠጫ በያዘ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሠሩት፤ ድንጋይ ይቅር። ከዚያ በኋላም አንድ ወር ያህል ከሴቶቹ ያርቁት፤ የቀረ ዘር ስለሚኖር ወዲያው አይመክንም። ወሩ ሲያልቅ ቆለጡን ይዳስሱ፤ አንደኛው እንደነበረ ካለ ሥራው ይደገማል።

ካመለጠዎትና ትንሿን ሴት አጥቅቷት ከሆነ ቀኑን ይጻፉ። የእናቷን ክብደት ሁለት ሦስተኛ ያልደረሰች ቄብ ስትወልድ ልትሞት ትችላለች፤ ጽንሱ ሳይገፋ ለእንስሳት ሐኪም ካሳዩ በመርፌ ሊያቋርጠው ይችላል። ካስወረደች ግን የወጣውን በባዶ እጅ አይንኩ፣ ይቅበሩት፤ ወተቷንም ሳያፈሉ አይጠጡ፣ ብሩሴሎሲስ ከሆነ ወደ ሰው ይተላለፋልና።

ዘመድ ያልሆነ ጤነኛ ወጠጤ ዘንድሮ ካጡ ሴቶቹን ሳያስጠቁ ያሳልፏቸው። ሳትወልድ አንድ ዓመት ያለፈች ፍየል የምታስከስርዎ የዚያን ዓመት ግልገልና ወተት ብቻ ነው፤ በገዛ ልጇ ያረገዘች ግን ቀጣዩን ትውልድ ታበላሻለች።