ትምህርት ዐሥራ አራት፦ ምክንያትና ውጤት በገላጭ ድርሰት

ከዚህ በታች የቀረበውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ስታነቡም ጸሐፊው አንዱን ነገር ከሌላው ጋር በምን በምን ቃል እንዳያያዘ ልብ በሉ። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ሀ. ምንባብ፦ የጣና ደንገል

ደንገል ረግረግና የሐይቅ ዳርቻ የሚወድ የአፍሪካ ተክል ነው። በበዓል ቀን በቤታችን የምንጎዘጉዘው ቄጠማ የቅርብ ዘመዱ ስለሆነ፥ ደንገልን አይቶ የማያውቅ ሰው ቄጠማን ቢመለከት ጠባዩን በከፊል ይረዳዋል። የሁለቱም አገዳ ክብ ሳይሆን ባለ ሦስት ማዕዘን ነው። በቁመት ግን አይገናኙም፤ ደንገል እስከ 4 ወይም 5 ሜትር ይደርሳል። አገዳው ለስላሳና አንጓ የሌለው ሲሆን፥ ከጫፉ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ አረንጓዴ ዘለላዎች እንደ ጃንጥላ ተዘርግተው ይታያሉ።

የሥሩ ግንድ በጭቃ ውስጥ አግድም እየተሳበ ይሄዳል፤ አዳዲስ አገዳዎችም ከእርሱ ይወጣሉ። በጭቃ ውስጥ አየር እጅግ ጥቂት ስለሆነ ለረግረግ ያልተፈጠረ ተክል በዚያ ቢተከል ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። ደንገል ግን አገዳው እንደ ስፖንጅ በአየር የተሞላ በመሆኑ ከላይ ያገኘውን አየር ወደ ሥሩ ያወርዳል።

ይኸው አየር ሰውንም ጠቅሟል። በጣና ዳርቻ የሚኖሩ ወይጦዎች አገዳውን አጭደው በፀሐይ ያደርቁታል፤ ከዚያም በነዶ በነዶ እያሰሩ ታንኳ ይሠሩበታል። ታንኳው ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ ዕድሜውም አጭር ነው። በ1961 ዓ.ም. የኖርዌዩ ተመራማሪ ቶር ሄየርዳል ከጣና ደንገል አስጭኖ በግብፅ አገር «ራ» የተባለች ጀልባ አሠራ። ራ ከሞሮኮ ተነሥታ አትላንቲክን ስታቋርጥ ካሰበችው ሳትደርስ ተበላሸች፤ በማግሥቱ ዓመት የተሠራችው ሁለተኛዋ ራ ግን በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች።

የደንገል ጥቅም በታንኳ ብቻ አያበቃም። ከማሳ በጎርፍ የሚመጣውን ደለል ስለሚያጣራ ሐይቁን ይጠብቃል፤ ዓሦችና ወፎችም ይጠለሉበታል።

ዛሬ ግን ቀድሞ ደንገል ጥቅጥቅ ብሎ በነበረበት በብዙ ስፍራ የሚታየው ማሳ ነው። በ1988 ዓ.ም. ግድም ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በር የውኃ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ። በ1995 ዓ.ም. ዝናም ባነሰበትና ለመብራት ኃይል ብዙ ውኃ በተለቀቀበት ወቅት ሐይቁ እጅግ ዝቅ አለ፤ የተራቆተውንም ዳርቻ ገበሬዎች አረሱት። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው እምቦጭ በጣና ላይ መታየቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ነው።

ለ. ማብራሪያ

«ስለ» ከስም በፊት ሲገባ መስተዋድድ ነው፤ «ስለ ደንገል ጻፈ» እንደ ማለት። ከግሥ ጋር ሲገባ ግን ምክንያትን ከውጤት ያያይዛል፤ «ስለሆነ»፥ «ስለሚከብድ» የሚሉት እንዲህ ያሉ ናቸው። «በመሆኑ» የሚለውም ይህንኑ ተግባር ይፈጽማል። በሁሉም ዘንድ ምክንያቱ ይቀድማል፤ ውጤቱ በማሰሪያ አንቀጹ ይፈጸማል።

ቦዝ አንቀጽ ከእነዚህ ይልቅ ረቂቅ ነው። «ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል» በሚለው ውስጥ መታፈኑ የመበስበሱ ምክንያት ነው። «አጭደው ያደርቁታል» በሚለው ግን ማጨዱ ለማድረቁ ምክንያት አይደለም፤ የሥራውን ቅደም ተከተል ብቻ ይነግረናል። መልኩ አንድ ሲሆን ትርጉሙ ሁለት ነውና ፍቺው የሚገኘው ከነገሩ ጠባይ እንጂ ከቃሉ ቅርጽ አይደለም።

አሁን አንድ ተማሪ ምንባቡን አንብቦ የሚከተለውን ጻፈ እንበል፦ «እምቦጭ ስለመጣ የጣና ደንገል ተመናመነ።» ይህ ዐረፍተ ነገር በሰዋስው ረገድ ነቀፋ የለበትም። ባለቤቱና ማሰሪያ አንቀጹ ይስማማሉ፤ «ስለ»ም በቦታው ገብቷል። ነገር ግን ዓመቶቹን አስተያዩ። ዳርቻው የታረሰው እምቦጭ መታየቱ ከመታወቁ ከብዙ ዓመት በፊት ነው። እምቦጭ በኋላ ብዙ ጉዳት ማድረሱ አይካድም፤ ቢሆንም በዚህች በአንዲት «ስለ» የተነሣ ድርቁም፥ ግድቡም፥ እርሻውም ከነገሩ ወጡ። ጽሑፉን ያመነ አንባቢም አረሙ ተነቅሎ ባለቀ ማግሥት ደንገሉ የሚመለስ ይመስለዋል፤ ስፍራው ግን ዛሬ የሰው ማሳ ነው። እንዲህ ያለውን ግድፈት የመምህር ቀይ እርሳስ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል፤ ስለዚህም ከፊደል ስሕተት ይልቅ ያሰጋል።

ዐረፍተ ነገሩ እንዲህ ቢቃና ይሻላል፦ «ሐይቁ ዝቅ በማለቱና ዳርቻው በመታረሱ የደንገሉ ስፍራ ጠበበ፤ በኋላም እምቦጭ ተጨመረበት።» «ተጨመረበት» የሚለው ቃል እምቦጭን ከጥፋቱ ነጻ አያወጣውም፤ ጥፋቱንም ሁሉ አያሸክመውም።

ሐ. መልመጃ

1. «ስለ» ከግሥ ጋር የገባባቸውን ዐረፍተ ነገሮች ከምንባቡ አውጥታችሁ ምክንያቱንና ውጤቱን ለዩ። ከእነርሱም አንዱን «ስለዚህ» በሚለው ቃል ሁለት ዐረፍተ ነገር አድርጋችሁ ጻፉ።

2. ከምንባቡ ሌሎች ቦዝ አንቀጾችን ፈልጉ፤ ምክንያትን የሚያመለክቱት የትኞቹ እንደሆኑ፥ ቅደም ተከተልን የሚያመለክቱትም የትኞቹ እንደሆኑ አስረዱ።

3. አንድ የቄጠማ አገዳ አግድም ቆርጣችሁ ያያችሁትንና በጣታችሁ የዳሰሳችሁትን በአንድ አንቀጽ ግለጹ። በዚህ አንቀጽ ውስጥ ምንም ምክንያት አትስጡ።

4. በአካባቢያችሁ ከሚገኝ ረግረግ፥ ጨፌ ወይም የወንዝ ዳርቻ የተመናመነ አንድ ተክል ምረጡ። መቼና እንዴት እንደተመናመነ ከሁለት አረጋውያን ለየብቻ ጠይቃችሁ ሃያ መስመር የሚሆን ገላጭ ድርሰት ጻፉ። ምክንያት በሰጣችሁበት ዐረፍተ ነገር ሁሉ ትይዩ፥ በደብተራችሁ ኅዳግ ላይ፥ ነገሩን ከማን እንደሰማችሁ ወይም በምን እንዳረጋገጣችሁ አመልክቱ። የሁለቱ ቃል ካልተስማማ ሁለቱንም ጻፉ።