በ18ኛው ፖስትግሬስ ፍጥነት ከየት ይመጣል?

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ስካውቶች ዞረው ያዩትን ሁሉ በአንድ ሰንጠረዥ ይመዘግባሉ እንበል። ዓምዶቹ ቦታ፣ ቀን፣ እንስሳ እና ብዛት ናቸው። ቦታው ሳንቃበር፣ ጊች፣ ጨነቅ ወይም ቧሂት ነው፤ እንስሳው ዋልያ፣ ጭላዳ ወይም ቀይ ቀበሮ። ሰንጠረዡ ደባርቅ በተቀመጠ ሰርቨር ላይ በፖስትግሬስ ተይዟል፣ 2 ሚሊዮን ረድፍም ሞልቷል። መዝገቡ ለትምህርት ያህል የተፈጠረ ነው፤ ቦታዎቹ ግን እውነተኛ ናቸው።

ፖስትግሬስ እ.ኤ.አ. በ1986 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በማይክል ስቶንብሬከር መሪነት የተጀመረ፣ ዛሬ ማንም በነፃ የሚጠቀምበት ዳታቤዝ ነው። የጤና ተቋማት ሪፖርት የሚላክበት ዲኤችአይኤስ 2 የቆመው በእርሱ ላይ ስለሆነ፣ ስሙን ሰምቶ የማያውቅ የጤና ጣቢያ ሠራተኛም ይገለገልበታል። 18ኛው ዕትም የወጣው መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ብዙ ነገር ይዞ መጥቷል፤ እኛ የምንማረው ስለ ፍጥነት ብቻ ነው።

አስቀድመን መዘግየት ከየት እንደሚመጣ እንወቅ። ፖስትግሬስ አንድን ረድፍ ለብቻው ነጥሎ ከዲስክ አያመጣም፤ የሚያነበው በገጽ ነው፣ አንዱ ገጽም 8 ኪሎባይት ነው። አንድ ረድፍ 100 ባይት ያህል ቢሆን፣ ሰንጠረዣችን 25 ሺህ ገጽ ግድም፣ ማለትም 200 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። ኩዌሪ፣ ማለትም ለዳታቤዙ የምናቀርበው ጥያቄ፣ ዘገየ ስንል አብዛኛውን ጊዜ ማንበብ የማያስፈልገውን ገጽ አነበበ፣ ወይም የሚያስፈልገውን ገጽ ሲጠብቅ ቆመ ማለታችን ነው። እነዚህ ሁለት ልዩ ልዩ ሕመሞች ናቸው፣ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም።

ከመጀመሪያው ሕመም እንነሣ። ሰንጠረዡ በቦታና በቀን የተሠራ አንድ ኢንዴክስ፣ ማለትም የፍለጋ ማውጫ፣ አለው። ኢንዴክሱ መጀመሪያ በቦታ ይደረደራል፤ በየቦታው ውስጥ ደግሞ በቀን። «ጊች ላይ በጥር 11 ምን ታየ?» ብንል መልሱ ወዲያው ይገኛል። «በጥር 11 በየትኛውም ቦታ ምን ታየ?» ብንልስ? የጥር 11 መዝገብ በአራት ቦታ ተበትኗል። እስከ 17ኛው ዕትም ድረስ ፖስትግሬስ የነበረው አማራጭ ኢንዴክሱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማየት ወይም ሰንጠረዡን በሙሉ ማንበብ ነበር። ስለዚህ ባለሙያው ለቀን ብቻ ሁለተኛ ኢንዴክስ ይጨምር ነበር።

18ኛው ግን መዝለል ተምሯል። እንዴት ቢሉ፣ የመጀመሪያውን ቦታ ስም ከኢንዴክሱ ያገኛል፣ በዚያ ቦታ ሥር በቀጥታ ወደ ጥር 11 ይወርዳል፣ ያገኘውን ይዞ መሐል ያለውን ሁሉ ትቶ ወደሚቀጥለው ቦታ ይዘላል። እኛ ያልጻፍነውን «ቦታው ይህ ሲሆን» የሚለውን ቅድመ ሁኔታ በየተራ እርሱ ይሞላልናል። ለአራት ቦታ የሚነካቸው የኢንዴክስ ገጾች ጥቂት አሥሮች ናቸው። ነባሩ ኢንዴክስም ይበቃል፤ እንደገና መሥራት አያስፈልግም።

ታዲያ ሁልጊዜ ይጠቅማል? አይጠቅምም። የፊተኛው ዓምድ ቦታ ሳይሆን የስካውቱ የጉዞ ቁጥር ቢሆን፣ በሺህ የሚቆጠሩ ልዩ ልዩ እሴቶች ስላሉት ዝላዩም በሺህ ይቆጠራል፣ ትርፉም ይጠፋል። ዳታቤዙ ይህን የሚመዝነው ስለ ዓምዱ በያዘው ስታቲስቲክስ ነው። ቀድሞ ወደ አዲስ ዕትም ሲታለፍ ይህ ስታቲስቲክስ ይጠፋ ስለነበር፣ እንደገና የሚሰበስበው አናላይዝ የሚባለው ትእዛዝ ሠርቶ እስኪጨርስ ድረስ ኩዌሪዎች ይንገዳገዱ ነበር። በ18ኛው ግን ፒጂ አፕግሬድ የሚባለው የዕትም መቀየሪያ መሣሪያ አብዛኛውን ይዞት ይሻገራል። በእኔ አስተያየት ከሁሉ ያነሰ የተወራለት፣ ለአንድ ብቸኛ የአይቲ ባለሙያ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ስጦታ ይህ ነው፤ ዕትሙ በተቀየረ ማግስት ጠዋት ስልኩ አይጮህበትም።

ወደ ሁለተኛው ሕመም፣ ወደ መጠበቅ እንሂድ። የቀድሞው አሠራር አንዱን ልጅ ወደ ወንዝ ልኮ እስኪመለስ ሌላውን ሳይልክ እንደሚቆም ሰው ነበር። አዲሱ ሁሉንም ያከታትላል፦ ብዙ ገጾችን አስቀድሞ ያዛል፣ እስኪደርሱም ሌላ ሥራ ይሠራል። ቅንብሩ ካልተቀየረ በቀር ንባቡን የሚያከናውኑት 3 ረዳት ሠራተኞች ናቸው፤ በሊኑክስ ላይ አይኦ ዩሪንግ የሚባለውንም መምረጥ ይቻላል። አዘጋጆቹ በአንዳንድ ሁኔታ እስከ 3 እጥፍ ፍጥነት አሳይተዋል። «እስከ» የምትለዋን ቃል አትዝለሏት። ጥቅሙ ሰንጠረዥን በሙሉ ለማንበብ፣ ኢንዴክሱ የጠቆማቸውን ገጾች ሰብስቦ ለሚያነበው ለቢትማፕ ንባብና የተጣሉ ረድፎችን ለሚያጸዳው ለቫኪዩም ነው፤ መጻፍን አይነካም፣ ተራውን የኢንዴክስ ንባብም ገና አልደረሰበትም። የእኛ 200 ሜጋባይት ደግሞ አንዴ ከተነበበ በኋላ ሚሞሪ ውስጥ ስለሚቀመጥ የሚጠበቅ ዲስክ የለም። ከሚሞሪው የሚበልጥ የአገር አቀፍ ሪፖርት፣ በተለይ ዲስኩ በኔትወርክ ርቆ ከተቀመጠ፣ ልዩነቱን ያየዋል።

የትኛው ሕመም እንዳለባችሁ ኤክስፕሌይን አናላይዝ የሚባለው ትእዛዝ ይነግራችኋል። በ18ኛው ስንት ገጽ ከሚሞሪ፣ ስንት ደግሞ ከውጭ እንደመጣ ሳይጠየቅ ያሳያል፤ ኢንዴክሱ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተፈለገም ይቆጥራል። ለዝላይ የተለየ ስም አትፈልጉ፣ ተራ የኢንዴክስ ንባብ ሆኖ ነው የሚታየው። እንደ እኛ ባለ ኩዌሪ የፍለጋው ቁጥር ከ1 በላይ፣ ግን ጥቂት ከሆነ ዘሏል ማለት ነው።

ለቀን ብቻ የተሠራው ሁለተኛ ኢንዴክስ ምን ይሁን? እያንዳንዱ ኢንዴክስ አዲስ ረድፍ በገባ ቁጥር ስለሚጻፍ ምዝገባን ያዘገያል፤ ስለዚህ መሰረዙ ያጓጓል። አትቸኩሉ። ፒጂ ስታት ዩዘር ኢንዴክስስ በሚባለው የፖስትግሬስ መቁጠሪያ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተነበበ መዝግቡ፣ የወር መጨረሻው ሪፖርት እስኪያልፍ ጠብቁ፣ ከዚያ ቁጥሩን ደግማችሁ እዩ። ካልጨመረ ሰርዙት።