የስለት በግና የእናቶች ሹራብ

በሩዋንዳና በዙሪያው ካሉ አጥቢያዎች የሰበካ ጉባኤ አባላት ደጋግሞ የሚቀርብልን ጥያቄ አለ፦ «በስለት የመጡ በጎች አሉን፤ ሥራ የሌላቸው እናቶችም አሉን። በጎቹን በግቢ አቆይተን እናቶቹ ከጸጉራቸው ሹራብ ቢሠሩስ?» አሳቡ መልካም ነው፤ ጣቢታ በኢዮጴ ለመበለቶች ልብስ ትሠራ እንደ ነበር በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ተጽፏል። ሆኖም ገንዘብ ከመመደቡ በፊት የጸጉሩን ጠባይ ማወቅ ይገባል።

በአገራችን በሱፉ የታወቀው በሰሜን ሸዋ ደጋ የሚረባው የመንዝ በግ ነው። በዚያ ሴቶች ጸጉሩን በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ወንዶች ባና ይሠሩበታል። ደብረ ብርሃንም በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ትታወቃለች። ይሁን እንጂ ጸጉሩ ሻካራ ነው፤ ለባናና ለምንጣፍ ይበጃል እንጂ ለሕፃን ገላ አይስማማም። ለስላሳው የሹራብ ሱፍ እንደ ሜሪኖ ካሉ ለዚሁ ተመርጠው ከሚረቡ ዝርያዎች የሚገኝ ነው።

መጠኑም ይታሰብ። ለአንድ አዋቂ ሹራብ ግማሽ ኪሎ ያህል ክር ያስፈልጋል፤ የአንድ የመንዝ በግ የዓመት ጸጉር ታጥቦ ሲጸዳ ከዚያ እምብዛም አይበልጥም። አምስት በግ ይዞ ለዐሥር እናቶች ሥራ ይገኛል ማለት እናቶቹን ማሳዘን ነው።

ይህን የተማርሁት በራሴ ስሕተት ነው። አገልግሎት በጀመርሁበት ወቅት በአንድ አጥቢያ የተሸለተውን ጸጉር በፈላ ውኃ እያሹ እንዲያጥቡት ለእናቶች ነገርኋቸው። ጸጉሩ ተጠላልፎ እንደ ቆዳ ጠጠረ፤ የሳምንት ድካማቸውም ከንቱ ቀረ። ሱፍ ለብ ባለ ውኃና ሳሙና ተዘፍዝፎ፣ ሳይታሽ ተለቅልቆ በጥላ ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ በደጋን ተነድፎ ይፈተላል።

ስለዚህ ሁለቱ ሥራዎች ይለያዩ። ለሹራቡ ክር ከገበያ ይገዛ። መኪና ከመግዛት አስቀድሞ በአቅራቢያው ያሉ ትምህርት ቤቶች ስለ ደንብ ልብስ ሹራብ ቀለም፣ ብዛትና ዋጋ ይጠየቁ፤ ለመስከረም የሚደርስ ሥራ ከፋሲካ በኋላ መጀመር አለበት። ትምህርት ቤቶቹ ባይስማሙ እንኳ ሌላ ገበያ በደጃችን አለ፦ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ ነጭ ኮፍያና ካልሲ የማይፈልግ ወላጅ ጥቂት ነው። በእጅ ለሚሠሩ እናቶች ይህ ይቀላል።

በጎቹ በየቤቱ ያደጉ ናቸውና አዲስ የመጣው ከመንጋው ሳይቀላቀል ሁለት ሦስት ሳምንት ተለይቶ ይቆይ፤ የእንስሳት ሐኪምም ይየው። በከተማ ግቢ ትልቁ ጠላት ፌስታል ነው፤ የዋጠ በግ ሆዱ ተዘግቶ ይሞታል። ለሃያ ሴት በጎች አንድ አውራ ይበቃል፤ የቀሩት ወንዶች ለበዓል ይሸጡ። ሣር በሌለበት ግቢ የፉርሽካና የድርቆሽ ወጪ በየሳምንቱ ይመዝገብ፤ ብዙ ኮሚቴዎች ይህን የሚያሰሉት በጉ ከተሸጠ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ቀርቷል። ስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ነው። በጉ ወደ ልማት ክፍሉ ከመተላለፉ በፊት በደረሰኝ ገቢ ይሁን፤ ዝውውሩም በሰበካ ጉባኤው ቃለ ጉባኤ ይወሰን።